ደረት የሚታሽበት ኬክ

ቁልፍ ሰፊዋ ነገሩን የጀመረችው ከጉልበት ነው። የምሳ ሰዓት ደርሶ የስፌት መኪኖቹ ጸጥ እንዳሉ ወንበሯን ጎትታ ከልብስ ተኳሿ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠችና፣ “እትዬ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ?” አለች። ከጉልበት ወደ ሙቀቱ ዞረች፤ ማራገቢያው ከተበላሸ ሁለት ሳምንት እንደሆነው፣ መቼ እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ አወራች። ከዚያ የተኳሿን የልጅ ልጅ ጥርስ ጠየቀች፤ ስንት እንደደረሰ፣ የላዩ ቀድሞ ይሁን የታቹ። ሻይ ቀዳችላቸው። ስኳር አንድ ነው ሁለት ብላም ጠየቀች፤ ላለፉት ስምንት ዓመታት ሁለት መሆኑን እያወቀች።

ይህን ሁሉ ያወራችው ጮክ ብላ ነው። ተኳሿ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ናቸው፤ ጆሯቸው ደግሞ የካውያውን እንፋሎት ሲሰማ ኖሮ ደክሟል። እሳቸውን ማናገር የፈለገ ሁሉ ድምፁን ከፍ ማድረግ ግድ ይለዋል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ለተኳሿ የተነገረ ምስጢር ስምንቱም ሰፊዎች ዘንድ ይደርሳል፤ ኮሪደሩን ለምትወለውለው ሴት ይደርሳል፤ በመስኮቱ ሥር፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ለምትሠራው ለቆራጯም ፊደል ሳይጎድል ይደርሳል። ቁልፍ ሰፊዋ ይህን አላሰበችበትም ቢባል የሚያምን አይገኝም።

ቆራጯ በዚያን ቀን ምሳዋን ትታ ለተማሪዎች ሸሚዝ የሚሆን አንገትጌ እየቆረጠች ነበር። ሥራው አስቸኩሏት ይሁን፣ ቀና ብላ ሰው ላለማየት ይሁን፣ እሷ ታውቃለች።

ነገሩ የመጣው ከአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነው። የስፌት ድርጅቱ የተመሠረተበት አሥራ አምስተኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው ሁሉ ከቤተሰቡ ወይም ከወዳጁ የተማረውን አንድ የምግብ አሠራር ይዞ እንዲመጣ አዘዘ። ታትሞ ይታደላል፣ ከእያንዳንዱ አሠራር ጎንም የባለቤቱ ፎቶ ይወጣል ተባለ። ሰው ተሯሯጠ። ክር የምታድለዋ ከጡረተኛ ጎረቤቷ የተማረችውን የምስር ሾርባ ሰጠች። ዘበኛው ከታላቅ ወንድሙ የወረሰውን የእንቁላል አቀቃቀል አስጻፈ፤ ሁለት መስመር ነው፣ የመጀመሪያው “ውሃውን ማፍላት” ይላል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከአማቱ የተማረውን ሰላጣ አስገብቶ ፎቶውን ከሁሉም ሰው ፎቶ አስበለጠው።

ከሁሉም በላይ ደስ ያላት ቁልፍ ሰፊዋ ነበረች። ዐምና የሞተችው እናቷ ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ምግብ አብሳይነት ያሳለፈች ሴት ናት፤ ስትሞት የተወችው ትልቁ ነገር ሽፋኑ በዘይት የወዛ አንድ ደብተር ነው። እዚያ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር የለም፤ ኬኩ፣ ሾርባው፣ ማርማላታው፣ የሳል መድኃኒቱ፣ ቀለም ከሸሚዝ የሚለቅበት ዘዴ። ከእያንዳንዱ ሥር ከማን እንደተማረችው ጽፋለች፤ “ከአክስቴ”፣ “ከአዋላጇ”፣ “ከማላውቃት ሴትዮ፣ አውቶቡስ ላይ”። ቁልፍ ሰፊዋ ከዚያ ውስጥ የብርቱካኑን ኬክ መርጣ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገልብጣ፣ አሠራሮቹን ለምትሰበስበው ለድርጅቱ ጸሐፊ አስረከበች።

በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዋ ወረቀቱን መለሰችላት። ይሄ ቀድሞ ገብቷል አለቻት። ከላይ ያሉትን መስመሮች አስተያይታ ቃል በቃል አንድ ሆነው እንዳገኘቻቸው፣ ሰው የሰጠውን መቅዳት ደስ እንደማይል ነገረቻት። በመጨረሻም፣ ሰው እየሰማ፣ “ከራስሽ ቤት ያለ ነገር አምጪ” አለቻት። ቁልፍ ሰፊዋም ቀድሞ ያስገባው ማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ወረቀቷን አጥፋ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ሌላም አላመጣች። ለመጽሐፏ ፎቶ ሲነሡ እሷ ቁልፍ ትሰፋ ነበር።

ይህ የምሳ ሰዓት ወሬ በተጀመረበት ቀን ጠዋት እንግዲህ መጽሐፏ ታትማ መጣችና በየመኪናው ላይ አንድ አንድ ቅጂ ተቀመጠ። ሰባተኛው ገጽ ላይ የቆራጯ ፎቶ አለ፤ ከጎኑ “የአያቴ የብርቱካን ኬክ” ይላል። ቁልፍ ሰፊዋ ማንበብ ስትጀምር የእናቷን ቃላት አወቀቻቸው። አንብባ ስትጨርስ ግን መጽሐፏን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠች፤ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷን ታጥባለች። እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ከሷ ጋር የሠራ ሰው ሁሉ ደግሞ ዝምታዋን ከንግግሯ አብልጦ ይፈራዋል።

“እትዬ፣ መጽሐፏን አዩዋት?” አለች አሁን፣ የሻይ ፔርሙዙን ክዳን እየገጠመች። “አላነበቡም? መነጽርዎን ረስተው ነዋ… ምን ችግር አለ፣ እኔ አነብልዎታለሁ። እኔማ ከጠዋት ጀምሮ ከእጄም አልወጣች። ሰው እንዲህ ያለ ሙያ ይዞ ከመካከላችን ዝም ብሎ ሲቀመጥ… ምን ይባላል ይሄ ትሕትና? ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለችውን ነው የምልዎት። ማን እንደሆነች እንኳ እኔ አልናገርም፣ የሰው ስም ማንሣት አልወድም። ፎቶው ራሱ እንዴት እንዳማረ ይዩልኝ… ዓይኗን ሰበር አድርጋ። ጥሩ አያት ያሳደጋት ሰው ገና ሲያዩት አያስታውቅም?”

ተኳሿ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷም ወንበሯን አስጠጋችና፣ በእናቷ ዜማ፣ እያንዳንዱን ቃል እየጎተተች ማንበብ ጀመረች።

“‘ሦስት እንቁላል፤ አስኳሉን ለብቻ። ስኳሩን ልጆቹ ሳያዩ መለካት።’ … ሰሙልኝ? ልጆቹ ሳያዩ! እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ እትዬ። የእኔም እናት እንዲሁ ነበር የምትለው፣ ቃል በቃል። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ እዚያ ማዶ አንዷ እዚህ፣ ሳይተያዩ ሳይተዋወቁ… አንድ ዓይነት እንቁላል፣ አንድ ዓይነት ስኳር፣ አንድ ዓይነት ሌባ ልጅ። ሌባ ስል ራሴን ነው። እናቴ ስኳር የምትደብቀው ከእኔ ነበር… ሌላ ማን አለ?”

የአንዷ ሰፊ ሹካ ከምሳ ዕቃዋ ክዳን ጋር ተጋጨ። ከዚያ በኋላ የማንም ሹካ ድምፅ አልተሰማም። ቁልፍ ሰፊዋ ገጹን በጣቷ እየተከተለች ወረደች።

“‘የብርቱካኑን ጭማቂ ከእንቁላሉ ጋር በደንብ መምታት… ሞቅ እንዳለ ደረቱንና ጀርባውን ማሸት።’ … አዎ፣ እትዬ፣ በደንብ ሰምተዋል። ደረቱንና ጀርባውን። የኬኩን ይሁን የበላተኛውን አልተጻፈም። ‘የሱፍ ካልሲ አልብሶ ማስተኛት። እስኪያልበው ድረስ አለመግለጥ። ሳሉ ካልለቀቀው በማግስቱ መድገም።’ … አያት ማለት እንዲህ ናት! የእኛ እናቶች ምን አስተማሩን? ጋግሪና ብይ። በአፍ ብቻ! ኬክ በደረት በኩል እንደሚገባ የነገረን ማን አለ? ባለቤትዎ አባባ አሁንም ሌሊት ሌሊት ያስላሉ አይደል? በቃ ሐኪም ቤት ማመላለሱን ይተዉት። አንድ ቁራጭ ደረታቸው ላይ ለጠፍ ያድርጉላቸው… ካልሲው ግን እንዳይረሳ። ያለ ካልሲ ኬኩ አይነሣም መሰለኝ።”

ክር የምታድለዋ ሻይዋ ትን አላት። ሁለቱ እጅጌ ሰፊዎች ተያይዘው መኪናቸው ላይ ተደፉ። ኮሪደር የምትወለውለው ሴት መወልወያዋን ተደግፋ በር ላይ ቆመች። ተኳሿ ብቻ ግማሹ የገባቸው፣ ግማሹ ያልገባቸው ሆነው፣ ሻዩን እንደያዙ ከቁልፍ ሰፊዋ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ቁልፍ ሰፊዋ ያያሉ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለቁልፍ ሰፊዋ ጠዋቱኑ ግልጽ ነበር። በእናቷ ደብተር ላይ ኬኩ የተጀመረበት ወረቀትና ቀጥሎ ያለው ወረቀት በስኳር ውሃ ተጣብቀዋል። የሚያውቅ ሰው በቢላዋ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይለያቸዋል። የማያውቅ ሰው፣ በተለይ የቸኮለ እንደሆነ፣ ከብርቱካኑ ጭማቂ በቀጥታ ወደ ሳሉ መድኃኒት መጨረሻ ይሻገራል። በጥድፊያ የሚቀዳ ሰው ደግሞ እጁ ይጽፋል እንጂ ልቡ አያነብም። ጸሐፊዋም ያው ከላይ ከላይ እያየች ተየበችው። በቃ፣ ይኸው ነው።

“መቼም ቆርጦ መቀጠል ሙያ ነው፣ እትዬ፤ ሁሉም ሰው አይችለውም” አለች ቀጥላ፣ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ። “እጅጌውን ከአንዱ፣ አንገትጌውን ከሌላው… ዋናው ነገር መጋጠሚያው እንዳይታይ ነው። ይቺኛዋ ትንሽ ታየች እንጂ ሌላው ምን ይወጣለታል? እኔ እንዲያውም አንድ ነገር እያሰብኩ ነበር። ለካ ሳናውቀው ዘመድ ነን! የእሷ አያት የእኔ እናት ከሆነች… ይቁጠሩልኝ እስቲ… እኔ ምኗ እሆናለሁ? አክስቷ አይደለሁም? ታዲያ አክስት ስትገባ ብድግ አይባልም እንዴ? ስምንት ዓመት ሙሉ ገብቼ ስወጣ አንድ ቀን እንኳ…”

በዚህ ጊዜ በመስኮቱ ሥር የመቀሱ ድምፅ ቆመ።

ቁልፍ ሰፊዋ ዞራ አላየችም፤ ግን ድምፁ እንደቆመ ሰማች፤ ስትሰማም ጠዋት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሳቋን ያቆመው ነገር ተመልሶ መጣባት። የእናቷ ደብተር ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ወጥቶ አያውቅም። ለማንም በውሰት ተሰጥቶ አያውቅም። ቆራጯ ደግሞ ወደዚያ ቤት የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እናቲቱ የተቀበረች ሰሞን።

ያን ጊዜ ቆራጯ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የለቅሶተኛውን ሳህንና ብርጭቆ ስታጥብ ዋለች። ማንም አልጠራትም፤ ማንም አላዘዛትም። ቁልፍ ሰፊዋ ከዚያ በኋላ ለሰው ሁሉ ስታወራው ኖራለች፤ ከእህት ትበልጣለች፣ ደግነት እሷ ዘንድ ነው ስትል። በሁለተኛው ቀን ውሃ ልትጠጣ ወጥ ቤት ስትገባ ቆራጯ ሳህን እያደረቀች፣ እሷ እናቷን በልጅነቷ ያጣች መሆኗን፣ የእንጀራ እናቷ ወጥ ቤቱን በቁልፍ ትዘጋው እንደነበር፣ እስከ ዛሬ ድረስ ከማንም ሴት እጅ የተማረችው አንድም ነገር እንደሌለ ነገረቻት። ቁልፍ ሰፊዋም አቅፋት አለቀሰች። “ይሄ ቤት ቤትሽ ነው” አለቻት። ያን ቃል የተናገረችው ራሷ ናት።

ይህ ሁሉ ታወሳት። ያቺ ሴት አያት ኖሯት አያውቅም። አያት ፈልጋ፣ ከሰው ደብተር ላይ ቀድታ፣ ፎቶዋን ከጎኗ ለጠፈች። ቁልፍ ሰፊዋ እዚያ ላይ ልታቆም ትችል ነበር፤ ሻይዋን ጠጥታ ስለ ማራገቢያው መልሳ ብታወራ ማንም አይፈርድባትም። ግን “ከራስሽ ቤት ያለ ነገር አምጪ” የሚለው የጸሐፊዋ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። ያን ዕለት ቆራጯ እዚያው ነበረች። ስድስት እርምጃ ርቃ፣ አንገቷን ደፍታ ጨርቅ ትለካ ነበር። ሰምታለች፤ ዝም ብላለች።

ቆራጯ መቀሷን አስቀመጠች። ከጠረጴዛዋ ላይ የራሷን መጽሐፍ አነሣች። ቀጥሎ ወደ መጀመሪያው መኪና ሄዳ እዚያ ያለችውን አነሣች፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ማንም አልከለከላትም። ክር የምታድለዋ ሻይ የፈሰሰባትን መጽሐፍ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠቻት። ስትሰበስብ፣ ስትሰበስብ፣ ወደ ካውያው ጠረጴዛ እየቀረበች መጣች። ቁልፍ ሰፊዋ እግሯን ትሰማለች፤ ፊቷ ግን ከተኳሿ ፊት አልተነቀለም።

“አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፣ እትዬ” አለች፤ ድምፅዋ ዝግ ብሏል፤ ቢሆንም ክፍሉ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰው ሰማው። “ለሰው ሐዘን መድረስ እንደሷ የሚያውቅ እኔ አላየሁም። ሙያዋን ሰው ሊያማው ይችላል… ይሄን ግን ማንም አይክዳትም። እናቴ የሞተች ጊዜ እኛ ሳሎን ተቀምጠን እናለቅሳለን፣ እሷ ሦስት ቀን ሙሉ ከወጥ ቤት አልወጣችም። አንዴ ገባ ብል ትጽፋለች… ውይ፣ ታጥባለች ማለቴ ነው። ምላሴ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ስታጥብ፣ ለካ እናቴ ያን ያህል ሳህን ነበራት? እኔ ልጇ አላውቅም ነበር…”

ቆራጯ መጥታ ከጎናቸው ቆመች። በግራ ክንዷ መጻሕፍቱን እንደ ሕፃን አቅፋለች፤ ቀኝ እጇን ዘርግታለች። የቀረችው አንዲት መጽሐፍ በቁልፍ ሰፊዋ ጉልበት ላይ፣ ሰባተኛው ገጽ እንደተገለጠ ያለችው ናት። ተኳሿ ቀና ብለው አዩዋትና ዓይናቸውን ወደ ሻያቸው መለሱ። በቆራጯ የተዘረጋ እጅ፣ አውራ ጣቷ ላይ፣ የመቀሱ ቀለበት የተወው ቀይ ምልክት ይታያል።

ቁልፍ ሰፊዋ እጁን አየችው። ከእጁ በላይ ግን አላየችም።

“ብትጠይቀኝ እኮ…” አለች ለተኳሿ።

ጨርሳ አልተናገረችውም። በዚያን ቀን ከአፏ የወጣ ሁለተኛ ትርጉም የሌለው ንግግር ይኸው ብቻ ነው። ብትጠየቅ ቁጭ ብላ፣ ገጹን በቢላዋ ጫፍ ለያይታ፣ ሙሉውን ደብተር በገዛ እጇ ትገለብጥላት ነበር፤ ከሥሩም “ለእህቴ” ብላ ትጽፍበት ነበር። ይህን ግን ለማን ትናገረዋለች? መጽሐፏን ዘጋች፤ ሽፋኗን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ ወደ ጎኗ ሳትዞር፣ የተዘረጋው እጅ ላይ በቀስታ አስቀመጠቻት።

“እስቲ እንመርቃት፣ እትዬ” አለች፣ ማር በመሰለ ድምፅ። “ሰው በሌለበት መመረቅ ነው ጥሩ፤ ለይሉኝታ አይመስልም። ዕድሜና ጤና ይስጣት። እጇ የደረሰበት ሁሉ ይባረክላት። ነገ ደግሞ የልጅ ልጅ ታቅፋ፣ ‘ይሄን ያስተማረችኝ አያቴ ናት’ እያለች… ታውርሳቸው።”

ሴቶቹ አሜን አሉ። ምርቃት ሰምተው አፋቸውን የሚዘጉ ሴቶች አይደሉም። ተኳሿም ስኒያቸውን አስቀምጠው አሜን አሉ። የቆራጯ ከንፈር እንኳ፣ ከልማድ ነው እንጂ አዝዛው አይደለም፣ ሲንቀሳቀስ ታየ።

ቁልፍ ሰፊዋ ተነሣች። ወንበሯን አንሥታ ወደ ቦታው መለሰች፤ መርፌዋን ከደረቷ ላይ ነቀለች፤ ክሩን በምራቋ አርጥባ ወደ ብርሃኑ አቀናችው።

“ቀኗ ሲደርስ ደግሞ…” አለች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ክሩን እያስገባች፣ “ሩቅ ያድርገው፣ በጣም ሩቅ… ቤቷ በለቅሶተኛ ሲሞላ፣ ልጆቿ ሳሎን ተቀምጠው ሲያለቅሱ… እጅጌዋን ሰብስባ ወጥ ቤታቸው የምትገባላቸው፣ ልክ እንደ ራሷ ያለች ወዳጅ አያሳጣት።”